ነርስ ከመላክ በፊት፦ የካናዳ ነባር ሕዝቦችና የጤና ባለሙያ ዕቅድ

በ2015 የካናዳ ዋና ኦዲተር ቢሮ ራቅ ባሉ የማኒቶባና የኦንታሪዮ መንደሮች ለሚኖሩ ነባር ሕዝቦች የሚሰጠውን የጤና አገልግሎት መርምሮ ለፓርላማ ሪፖርት አቀረበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚህ መንደሮች አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም አይገኝም፤ ሌት ተቀን በሽተኛ የሚቀበሉት የፌዴራል መንግሥት የሚያሰማራቸው ነርሶች ናቸው። ኦዲተሮቹ የ45 ነርሶችን ማኅደር ሲያገላብጡ፣ ግዴታ ናቸው ከተባሉት ሥልጠናዎች የተመረጡትን አምስቱን ሁሉ የወሰደ አንድ ነርስ ብቻ አገኙ። በዚያው ሪፖርት ሌላም ነገር ተመዝግቧል። በአንድ መንደር የባለሙያዎች ማደሪያ የፍሳሽ ማስወገጃው ተበላሽቶ ከሁለት ዓመት በላይ ሳይጠገን በመቅረቱ፣ ከከተማ ሊመጡ የነበሩ ስፔሻሊስቶች ጉዟቸውን ሰርዘዋል።

ከ45 አንድ የሚለው ቁጥር ያስደነግጣል። እኔን ግን ይበልጥ የሚከነክነኝ የፍሳሹ ጉዳይ ነው። ያ ቤት እንደተበላሸ መንደርተኛው ሁሉ ሳያውቅ አይቀርም። ጠጋኝ የሚያዝዘው፣ ገንዘብ የሚፈቅደው፣ ሐኪም መቼ ይምጣ የሚለውን የሚወስነው ሰው ግን መንደሩ ውስጥ አይኖርም። ችግሩን የሚያውቀው ሰው አንድ ቦታ፣ ሥልጣኑ ደግሞ ሌላ ቦታ ሆኖ ቆይቷል።

የካናዳ የጤና ዕቅድ አውጪዎች ስለ ነባር ሕዝቦች ሲያስቡ ለረጅም ጊዜ የጀመሩት ከቁጥር ነው፤ ስንት ነርስ ጎደለ፣ ስንት እንላክ፣ በምን ያህል ደመወዝ እናማልል። ባለሙያ መጉደሉ እውነት ነው፤ መቁጠሩም ያስፈልጋል። ነገር ግን ከቁጥሩ በፊት መልስ የሚሻ ጥያቄ አለ፦ ማን እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስነው፣ ሥራውስ መልካም መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው ማን ነው? መከባበር የሚለካው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕቅዱ ተጽፎ፣ በጀቱ ተመድቦ ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎችን ሰብስቦ አስተያየት መጠየቅ ለፎቶግራፍ ይጠቅም እንደሆነ እንጂ ግንኙነት አይገነባም።

በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ካናዳ ውስጥ ራሳቸውን ነባር ሕዝብ ብለው የመዘገቡት 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ናቸው፤ ከአገሪቱ ሕዝብ 5 በመቶ። ሦስት ታላላቅ ክፍሎች አሏቸው። ከ600 በላይ ማኅበረሰቦች ያሏቸው ፈርስት ኔሽንስ፣ ከነባር ሕዝብና ከአውሮፓውያን ተወላጆች የወጡት ሜቲዎች፣ በሰሜኑ በረዷማ ምድር የሚኖሩት ኢኑዊቶች። ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቶ አንድ ዕቅድ ማዘጋጀት ራሱ የስህተቱ መጀመሪያ ነው፤ ቋንቋቸውም፣ ታሪካቸውም፣ ከመንግሥት ጋር ያላቸው ውልም ይለያያል።

አለመተማመኑ ከየት መጣ

ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው በነዚህ ማኅበረሰቦች ዘንድ ምን ትዝታ እንደሚቀሰቅስ ሳያውቁ ዕቅድ ማውጣት አይቻልም። ከ1950 ጀምሮ ሲ ዲ ሃው የተባለች የመንግሥት መርከብ በየበጋው የሰሜኑን ዳርቻ ትዞር ነበር። ሰዎች ወደ መርከቧ ወጥተው የሳንባ ራጅ ይነሣሉ። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ከተገኘ ብዙ ጊዜ ወደ መሬት ወርዶ ቤተሰቡን ሳይሰናበት ከዚያው ወደ ደቡብ ይወሰዳል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከሰባት ኢኑዊቶች አንዱ ያህል በደቡብ ሆስፒታሎች ተኝቶ ነበር። እናቶች ከልጆቻቸው ለዓመታት ተለያዩ። ሕፃናት ቋንቋቸውን ረስተው ተመለሱ። ሳይመለሱ የቀሩትም አሉ፤ የተቀበሩበትን ቦታ ቤተሰብ ሳያውቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በመጋቢት 2019 በሰሜኑ ወደምትገኘው ኢካሉዊት ከተማ ድረስ ሄደው ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ዘመዶች መቃብር የሚፈልጉበት መርሐ ግብርም አብሮ ይፋ ሆነ።

መርከቧ መድኃኒት ይዛ ነበር የመጣችው። ሕክምናው ያዳናቸው ሰዎች አሉ፤ ይህንን መካድ አይገባም። የቆሰለው ግን ሌላ ነገር ነው። ሕክምና ማለት ሰውን ከወገኑ ነጥቆ መውሰድ ሆነ።

የባለሙያ እጥረቱም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ካናዳ ፈርስት ኔሽንስን የምታስተዳድርበት፣ በ1876 የወጣው ‹‹የኢንዲያን ሕግ›› ከነባር ሕዝቦች ወገን የሆነ ሰው የሕክምና ዲግሪ ቢያገኝ፣ ጠበቃ ወይም ቄስ ቢሆን፣ በዚያው ቅጽበት በሕግ ፊት ‹‹ኢንዲያን›› መሆኑ እንዲያበቃ ይደነግግ ነበር። ዶክተር የሆነ ልጅ የማኅበረሰቡን አባልነትና ከእርሱ ጋር የሚመጣውን መብት ያጣል ማለት ነው። ግዴታው በ1880 ቢላላም መልእክቱ ለትውልድ ቀጠለ፤ ከተማርክ ከእኛ ወገን ነህ፣ ከእነርሱ አይደለህም። ነርስ ለመሆን የፈለገችው፣ በኦንታሪዮ የሚገኘው የሲክስ ኔሽንስ ማኅበረሰብ ልጅ ኢዲት ሞንቹር የካናዳ ትምህርት ቤቶች ስላልተቀበሏት ወደ ኒው ዮርክ ተሻግራ በ1914 ተመረቀች፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ፈረንሳይ ውስጥ ቁስለኞችን አከመች። ከ150 ሺህ በላይ ሕፃናት ደግሞ ከወላጆቻቸው ተወስደው ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ በሚከለከሉባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች አለፉ፤ የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ማብቂያ ነው። ዛሬ ‹‹ከነባር ሕዝቦች የወጣ ሐኪም ለምን አነሰ?›› ብሎ የሚጠይቅ ባለሥልጣን ይህንን ታሪክ ከጥያቄው ጋር አብሮ ማንበብ አለበት።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን ልምጣ። በመስከረም 2008 ብራያን ሲንክሌር የተባለ የ45 ዓመት ሰው ዊኒፔግ ከተማ ወደሚገኝ ታላቅ ሆስፒታል በተሽከርካሪ ወንበር ሄደ። ሁለቱም እግሮቹ የተቆረጡ፣ ከነባር ሕዝቦች የተወለደ ሰው ነበር። ያስጨነቀው በአንቲባዮቲክ ሊድን የሚችል የፊኛ ኢንፌክሽን ነው። ድንገተኛ ክፍል መጠበቂያ ውስጥ 34 ሰዓት ተቀምጦ፣ ማንም ሳያክመው እዚያው ሞተ። ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ሰክሮ ወይም መጠለያ አጥቶ የተቀመጠ መስሏቸው ነበር። ያ ሆስፒታል በማኒቶባ ትልቁ ነው፤ በባለሙያ ብዛት የሚስተካከለው በአውራጃው አልነበረም።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 28 ቀን 2020፣ ከፈርስት ኔሽንስ አንዱ የሆነው የአቲካመክ ሕዝብ ተወላጇ ጆይስ ኤቻኳን በኬቤክ ጆሊየት ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ስልኳን ከፍታ በፌስቡክ በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረች። የሰባት ልጆች እናት ናት፤ ዕድሜዋ 37። ሲያክሟት የነበሩ ሴቶች ሲሰድቧት ዓለም ሰማ። በዚያው ቀን ሞተች። ጉዳዩን የመረመሩት የአስከሬን ምርመራ ዳኛ ጌሀን ካሜል በ2021 ባወጡት ሪፖርት ዘረኝነትና ጭፍን ጥላቻ ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን ገለጹ። ከጆይስ ማኅበረሰብ ከማናዋን የመነጨው ‹‹የጆይስ መርሕ›› የተባለው ሰነድ ነባር ሕዝቦች ያለ መድልዎ የመታከም መብታቸው እንዲከበር፣ ባህላዊ ዕውቀታቸውም ዕውቅና እንዲያገኝ ይጠይቃል። የኬቤክ መንግሥት ግን ሰነዱ ስለ ሥርዓታዊ ዘረኝነት የሚናገር በመሆኑ ሳይቀበለው ቀረ።

ሁለቱን ሞቶች የማነሣው ለማስለቀስ አይደለም። የዕቅድ ባለሙያ ‹‹በአንድ ሺህ ሰው ስንት ነርስ›› ብሎ ሲያሰላ፣ ነርሷ በሽተኛውን እንደ ሰው ታየዋለች የሚለውን እንደተሰጠ ነገር ይዞ ነው። ያ ከሌለ ስሌቱ ሁሉ ባዶ ነው።

ፑቪርኒቱክ ላይ የሆነው

አሁን በጎ ወደሚባለው ምሳሌ ልሂድ፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ።

ኑናቪክ የኬቤክ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። 14 መንደሮች አሉት፤ ከነዋሪዎቹ አብዛኛዎቹ ኢኑዊቶች ናቸው። መንደሮቹን ከደቡብ ጋርም ሆነ እርስ በርስ የሚያገናኝ አውራ ጎዳና የለም፤ የሚሄዱት በአውሮፕላን ነው። ቀድሞ እዚያ የወለደች ሴት ሁሉ በዘመድና በልምድ አዋላጅ እጅ ነበር የምትወልደው። ከዚያ የሕክምናው መዋቅር ሲገባ፣ ለደኅንነት ተብሎ፣ ነፍሰ ጡሮችን ከመውለጃቸው ሳምንታት ቀደም ብሎ ወደ ደቡብ ማብረር ተለመደ። ሴትየዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ቋንቋዋን የማይሰማ ሆስፒታል አጠገብ ብቻዋን ምጥ ትጠብቃለች። ቤት የቀሩት ልጆች እናት የላቸውም። አባት ልጁን የሚያየው ከተወለደ ሳምንታት በኋላ ነው። አሮጊቶቹ አዋላጆች ዕውቀታቸውን የሚያስተላልፉበት ምጥ አጡ።

በ1980ዎቹ ከእነዚህ መንደሮች አንዱ የሆነው የፑቪርኒቱክ ሴቶችና የመንደሩ መሪዎች ይህ ይብቃ አሉ። ጥያቄያቸው ‹‹ተጨማሪ ሐኪም ላኩልን›› የሚል አልነበረም። ልጆቻችን እዚሁ ይወለዱ፤ የሚያዋልዱት የራሳችን ሴቶች ይሁኑ፤ ቋንቋው ኢኑክቲቱት ይሁን አሉ። በ1986 በኢኑሊትሲቪክ ጤና ማዕከል ሥር የማዋለጃ ክፍል ተከፈተ። ከደቡብ የመጡ አዋላጆች ነበሩበት፤ የመጡት ግን ለማዋለድ ብቻ ሳይሆን ለማስተማር ነው። ሠልጣኞቹን ኢኑዊቶች ራሳቸው ይመርጣሉ። የትምህርት ቤት ወረቀት ብቻ አይታይም፤ ሰው ያምናታል ወይ፣ ምስጢር ትጠብቃለች ወይ፣ ጭንቅ ሲመጣ ትረጋጋለች ወይ የሚለውም ይታያል። ትምህርቱ የሚሰጠው እዚያው መንደር፣ ምጥ ላይ ባለች ሴት አጠገብ፣ እያዩና እየሠሩ ነው። ልጇን ጥላ ለአራት ዓመት ሞንትሪያል እንድትኖር የምትገደድ የለችም። በ1998 ኢኑክጁዋክ፣ በ2004 ደግሞ ሳሉዊት ተጨማሪ ማዋለጃዎች ተከፈቱ፤ የሚያስተምሩትም ቀድመው የሠለጠኑት ኢኑዊት አዋላጆች ሆኑ።

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንየው። እዚያ ቀዶ ሕክምና ክፍል የለም። በኦፕራሲዮን መውለድ ያለባት እናት በአውሮፕላን መሄድ አለባት፤ ያም አየሩ ከፈቀደ ነው፣ ሰዓታትም ይፈጃል። ታዲያ ማን ይቆይ፣ ማን ይሂድ የሚለው እንዴት ይወሰናል? እርግዝናው 32 እስከ 34 ሳምንት ሲደርስ የእያንዳንዷ እናት ጉዳይ በኮሚቴ ይታያል። አዋላጆች፣ ሐኪሞችና ነርሶች አብረው ይቀመጣሉ፤ ውይይቱን የሚመሩት አዋላጆቹ ናቸው። የደም ግፊቷ፣ የቀድሞ ወሊዷ፣ የፅንሱ አቀማመጥ ይነበባል። ከዚህ ጋር እኩል ግን ሌላ ነገርም ይመዘናል፤ ብትሄድ ልጆቿን ማን ይይዛል? ባለፈው ስትሄድ ምን ገጠማት? ከቤተሰቧ መነጠሏ ራሱ እንደ ጉዳት ይቆጠራል። በደቡብ ሆስፒታል መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ሣጥን የለም።

ውጤቱስ? ከ2000 እስከ 2007 የተደረገው ወሊድ ሲጠና ከአሥር ከስምንት በላይ የሚሆነው እዚያው ኑናቪክ የተፈጸመ ነበር፤ አብዛኛውን የመሩትም አዋላጆቹ ናቸው። ዳር ድንበሩ ላይ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ክፍል። መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ኬቤክ ለአዋላጅነት ሕግ ስታወጣ የተቀበለችው መንገድ በደቡብ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ዲግሪ ነበር፤ በመንደራቸው የሠለጠኑት ሴቶች ሥልጠናቸው ዕውቅና እንዲያገኝ ዓመታት የፈጀ ሙግት ማድረግ ነበረባቸው። በመቶ የሚቆጠሩ ሕፃናትን በሰላም የተቀበለች ሴት ባለሙያ መሆኗን እንድታስረዳ ስትጠየቅ ማየት ያማል። በመጨረሻ ዕውቅናው መጣ።

ለእኛ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ እናቶች ‹‹ጤና ጣቢያ ሄጄ አልወልድም›› ሲሉ ምክንያቱ ለዓመታት አለማወቅ ነው ሲባል ቆየ። ቀርቦ የጠየቃቸው ሰው ግን ሌላ ሰማ፤ ገንፎው የለም፣ ቡናው የለም፣ እናቴ ከጎኔ እንድትቆም አይፈቀድላትም። የወላድ ማቆያ ያላቸው ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ማገንፋት ሲጀምሩ መልሱ የተገኘው ከእናቶቹ አፍ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርም በ2003 (በእኛ 1995 ዓ.ም.) ሲጀመር ሠራተኞቹ ከዚያው ከአካባቢው የተመረጡ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ ሴቶች እንዲሆኑ መወሰኑ ከሁሉ የበለጠ ብልህ ውሳኔው ይመስለኛል። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ማግኘት በሚያስቸግርባቸው የአርብቶ አደር አካባቢዎች ደግሞ መስፈርቱን ማስተካከል የግድ ሆኗል።

‹‹ደረጃው ይወርዳል›› የሚለው ሙግት

መንደሩ የራሱን ሰው ይምረጥ፣ እዚያው ይሠልጥን ሲባል ወዲያው የሚመጣው ተቃውሞ የጥራት ነው። ለነባር ሕዝቦች ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ልትሰጡ ነው ወይ? ጥያቄው ክብደት ያለው ነው፤ ከቅን ልብ የሚጠይቁትም ብዙ ናቸው። መልሱን ለማግኘት ወደ አላስካ ጎራ ማለት ይጠቅማል።

በ1950ዎቹ የሳንባ ነቀርሳ አላስካን ሲያጠቃ፣ ሐኪም የማይደርስባቸው መንደሮች ነዋሪዎች መድኃኒቱን ለጎረቤቶቻቸው ማደል ጀመሩ። ከዚያ የተወለደው የማኅበረሰብ ጤና ረዳቶች መርሐ ግብር በ1968 የፌዴራል በጀት አገኘ። ረዳቶቹ የሚመረጡት በመንደሩ ነው። የሚሠለጥኑት በየሳምንታቱ ተከፋፍሎ በሚሰጥ ትምህርት ሲሆን፣ በመሃል ወደ መንደራቸው ተመልሰው ይሠራሉ። በእጃቸው ዝርዝር መመሪያ መጽሐፍ አለ፤ ከሐኪም ጋርም ቀድሞ በሬዲዮ፣ አሁን በስልክና በቪዲዮ ይማከራሉ። ዛሬ ከ150 በላይ በሆኑ መንደሮች በሽተኛን መጀመሪያ የሚያዩት እነርሱ ናቸው።

የጥርስ ሕክምናው ጉዳይ ሲመጣ ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የአላስካ ነባር ሕዝቦች የጤና ድርጅቶች በ2003 ወጣቶቻቸውን ወደ ኒውዚላንድ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ልከው ሁለት ዓመት አስተማሩ፤ ጥርስ የሚሞሉ፣ የሚነቅሉ፣ ሕፃናትን የሚከታተሉ ባለሙያዎች ሆነው ተመለሱ። ኒውዚላንድ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎችን ከ1921 ጀምሮ ስታሠለጥን ኖራለች። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ግን በ2006 ከሰሰ፤ የጥርስ ሐኪም ያልሆነ ሰው ጥርስ አይነካም አለ። በ2007 ፍርድ ቤቱ ለነባር ሕዝቦቹ ወሰነ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ደረጃ የሚለው ቃል የሚሸፍነው አንድ ሐቅ አለ። በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚል የጥርስ ሐኪም በወረቀት ላይ ከፍተኛ ደረጃ ያለው ነው፤ ጥርሱ ለሚያመው ሕፃን ግን በቀሩት ወራት ምንም አይደለም። ማነጻጸር ያለብን መንደሩ ያሠለጠናትን ልጅ ከከተማው ስፔሻሊስት ጋር ሳይሆን ከባዶው ወንበር ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ድጋፍ፣ ክትትልና ተጨማሪ ትምህርት እንዳይቋረጥባት መታገል፤ ይህ ከሌለ ተቃዋሚዎቹ የሚሉት እውነት ይሆናል።

ሐኪም ማሠልጠንስ? የሰሜን ኦንታሪዮ ሕክምና ትምህርት ቤት በ2005 በሩን ከመክፈቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ2003፣ የነባር ሕዝቦችን ተወካዮች በራሳቸው መሬት ላይ ሰብስቦ ምን ዓይነት ሐኪም ትፈልጋላችሁ ብሎ ጠየቀ። ሥርዓተ ትምህርቱ ገና አልተጻፈም ነበር፤ ቁም ነገሩም ይኸው ነው። ከዚያ ምክክር ተነሥቶ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ለአራት ሳምንት በነባር ሕዝቦች ማኅበረሰብ ውስጥ እንዲኖሩ ተደረገ። አራት ሳምንት ሰውን አያስተውቅም ሊባል ይችላል። ነገር ግን የሰውን ቤትና ምግብ ቀምሶ፣ ዓሣ ሲጠመድ አብሮ ውሎ የተመለሰ ተማሪ ከስላይድ ላይ ‹‹የባህል ግንዛቤ›› ከተማረው የተለየ ነው። እነዚህን ተማሪዎች የሚያስተናግዱ ቤተሰቦችና የሚያስተምሩ ሽማግሌዎች ጊዜያቸው እንደ ሥራ ተቆጥሮ ሊከፈላቸው ይገባል። ዕውቀታቸውን በነፃ ወስዶ ‹‹አጋርነት›› ብሎ መጥራት የድሮው ልማድ ቅጥያ ነው።

የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን ታሪክ የመረመረው የካናዳ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ካወጣቸው 94 ጥሪዎች 23ኛው የሚመለከተው ይህንኑ የሰው ኃይል ጉዳይ ነው፤ የነባር ሕዝብ ባለሙያዎች ቁጥር ይጨምር፣ በማኅበረሰባቸው ውስጥ እንዲቆዩ ይደረግ፣ ሌሎቹ ባለሙያዎች ሁሉ ደግሞ ስለ ባህሉ ይሠልጥኑ ይላል። በተግባር ቶሎ የሚያዘው ሦስተኛው ነው፤ የኮምፒውተር ኮርስ ማዘጋጀት ርካሽ ነውና። ሁለተኛው ግን ቤት ይጠይቃል፣ የልጆች መዋያ ይጠይቃል፣ ዕረፍት ይጠይቃል። በተወለደችበት መንደር የምትሠራ ነርስ ተረኛ ባልሆነችበት ሌሊትም በሯ ይንኳኳል፤ የምታክመው የአክስቷን ልጅ ነው፣ የሚሞተውም አጎቷ ነው። ከደቡብ የሚመጣው ተተኪ የቤት አበልና የበረራ ትኬት ሲሰጠው፣ እርሷ ‹‹የአካባቢው ተቀጣሪ›› ተብላ ያ ሁሉ የሚቀርባት ከሆነ፣ መንደሩ የራሱን ልጅ የሚቀጣ መዋቅር ተሠርቷል ማለት ነው።

መረጃውና ሥልጣኑ የማን ነው

ዕቅድ መረጃ ይፈልጋል። ነባር ሕዝቦች ደግሞ ስለ እነርሱ የተሰበሰበ መረጃ ጎዳቸው እንጂ አልጠቀማቸውም ብለው የሚያምኑበት ምክንያት አላቸው። በ1998 ፈርስት ኔሽንስ አራት መርሆዎችን አወጡ፤ ባለቤትነት፣ ቁጥጥር፣ የማግኘት መብትና ይዞታ። ስለ ማኅበረሰባችን የሚሰበሰብ መረጃ የእኛ ነው፣ እንዴት እንደሚሰበሰብ የምንወስነው እኛ ነን፣ ስንፈልገው እናገኘዋለን፣ በእጃችን ይቀመጣል ማለት ነው። ‹‹እዚህ መንደር ስንት ነርስ ለቀቀ፣ ለምን ለቀቀ?›› የሚለው ቀላል ጥያቄ እንኳ መልሱ ኦታዋ ባለ መዝገብ ተቆልፎ መንደሩ የማያየው ከሆነ፣ የሚቀጥለው ነርስም በዚያው ምክንያት ይለቃል።

ሥልጣን በማስተላለፍ በኩል ሩቅ የሄደችው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ናት። በጥቅምት 1 ቀን 2013 የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት በአውራጃው ለሚገኙ ፈርስት ኔሽንስ ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት፣ ከነበጀቱና ከነሠራተኛው፣ ለፈርስት ኔሽንስ የጤና ባለሥልጣን አስረከበ። ከ200 በላይ ማኅበረሰቦችን የሚያገለግል፣ በካናዳ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ተቋም ነው። ነርስ የሚቀጥረው፣ የሥራ መደብ የሚያወጣው፣ ባህላዊ ፈውስ በጀት ይኑረው አይኑረው የሚለው አሁን የሚወሰነው በዚያ ነው።

ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በቂ ግን አልሆነም። ሆስፒታሎቹ በአውራጃው መንግሥት እጅ ናቸው። በኅዳር 2020 ይፋ የሆነው በአውራጃው የጤና ሥርዓት ውስጥ ስላለው ዘረኝነት የተደረገ ምርመራ፣ ከተጠየቁት ነባር ሕዝቦች 84 በመቶው በሕክምና ላይ አንድ ዓይነት መድልዎ እንደደረሰባቸው መናገራቸውን መዝግቧል። ሥልጣኑ ከተላለፈ ከሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው። የመንደሩን ክሊኒክ ማስረከብ ቀላሉ ክፍል ነበር። ድንገተኛ ክፍሉ፣ የማዋለጃው ክፍል፣ የነርሶች ቅጥር ቃለ መጠይቅ የሚካሄድበት ቢሮ ገና አልተነካም።

በዚህ ጉዳይ የእኛ ሰዎች ከዳር የቆሙ ተመልካቾች አይደሉም። ዊኒፔግ፣ ኤድመንተን፣ ካልጋሪና ቶሮንቶ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በነርስነት፣ በአስታማሚነት፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ይሠራሉ። ካናዳ የሰው ኃይል ጉድለቷን የምትሞላው በከፊል በእነርሱ ነው። በዊኒፔግ ሆስፒታል አንድ ቀን ሲውሉ ከነባር ሕዝቦች ወገን የሆነ በሽተኛ ሳያጋጥማቸው አይቀርም፤ ከተማዋ በካናዳ ከተሞች ሁሉ በርካታ ነባር ሕዝብ የሚኖርባት ናት። አዲስ የመጣ ሰው ስለ አገሩ የሚማረው ከሥራ ባልደረባው ስለሆነ፣ ‹‹እነዚህ ጠጪዎች ናቸው፣ መንግሥት ሁሉን ነገር በነፃ ይሰጣቸዋል›› የሚለውን ወሬ ከዜግነት ፈተናው ቀድሞ ይሰማል። ጥቁር በመሆኑ ራሱ ተመሳሳይ ዓይን የሚያርፍበት ሰው ያንን ወሬ ተቀብሎ ሲደግም መስማት በጣም ያሳዝነኛል። ብራያን ሲንክሌርን ወንበሩ ላይ ያስቀረው ያው ወሬ ነበር።

ወደ ሰሜን ለመሄድ ከኤጀንሲ ጋር ውል ለመፈረም የሚያስቡም አሉ፤ ክፍያው ጥሩ ነው፣ ቤተሰብ ማስተዳደር አለባቸውና አልፈርድባቸውም። ከመፈረማቸው በፊት ግን ጥቂት ነገር እንዲጠይቁ እመክራለሁ። የመንደሩ ምክር ቤት ወይም የጤና ኃላፊ እኔን አይቶ ተስማምቷል? በየስንት ጊዜው ነው የምቀያየረው፣ ተመልሼ የምሄደው ወደዚያው መንደር ነው ወይስ ወደ ሌላ? እዚያ ስደርስ ማን ይቀበለኛል፣ ቅሬታ ያለው በሽተኛ ለማን ይናገራል? ግዴታ የተባሉትን ሥልጠናዎች የምወስደው ከመብረሬ በፊት ነው ወይስ ‹‹ሲመች››? ኤጀንሲው መልስ ከሌለው ስልኩን አንሥቶ ወደ መንደሩ የጤና ቢሮ ራስን መደወል ይቻላል፤ የሚያነሣው ሰው ከየትኛው ነርስ ጋር እንደሚሠራ ቀድሞ ለማወቅ መብት ያለው ሰው ነው።